ዶሮን ከውኃ፣ ውኃንም ከዶሮ መጠበቅ

ለሰበካ ጉባኤያት፣ ለልማት ኮሚቴዎችና ለአገልጋይ ካህናት የተዘጋጀ የጥናት ትምህርት

መግቢያ

በሀገራችን ገጠር ዶሮ የማይገኝበት ጓሮ ጥቂት ነው። የዶሮ ርባታ ሰፊ መሬትም ሆነ ብዙ ገንዘብ ስለማይጠይቅ ላምና በሬ ለመግዛት አቅም ያነሰው ቤተሰብ ኑሮውን ማቅናት የሚጀምረው በዶሮ ነው። ከዕንቁላሉና ከዶሮው ሽያጭ የሚገኘው ገንዘብ ብዙውን ጊዜ በእናቲቱ እጅ ስለሚገባ፣ ጨውና ሳሙናው፣ የልጆቹ ደብተርና እርሳስ የሚሸፈነው በእርሱ ነው። ስለዚህም መበለቶችንና ችግረኛ ቤተሰቦችን ለማቋቋም የሚያስቡ አጥቢያዎች ቄብ ዶሮ ገዝቶ ማከፋፈልን እንደ መልካም መነሻ ይቈጥሩታል።

ይሁን እንጂ በግንቦት የተከፋፈሉት ዶሮዎች በመስከረም ቢቈጠሩ ቍጥራቸው ተመናምኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ምክንያቱ ሲጠየቅ «ፈንግል ፈጃቸው»፣ «ብርድ መታቸው»፣ «ጭልፊት ወሰዳቸው» የሚል መልስ ይሰጣል። መልሱ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ከመልሱ በስተጀርባ ብዙ ጊዜ ሳይነሣ የሚታለፍ ነገር አለ፤ እርሱም ውኃ ነው። ዶሮ ያለ ውኃ አትኖርም፤ ዶሮን የሚያሰጥመው፣ የሚያቀዘቅዘው፣ በሽታንም ከአንዷ ወደ ሌላዋ የሚያሻግረው ያው ውኃ ነው። በአንጻሩም ዶሮ በሰው የመጠጥ ውኃ ላይ ስትደርስ ጉዳቱ ወደ ቤተሰቡ፣ ይልቁንም ወደ ሕፃናቱ ይመለሳል።

የዚህ ትምህርት ፍሬ ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ሊጠቃለል ይችላል፦ በግቢው ውስጥ ዶሮ ውኃ የምታገኝበት ስፍራ አንድ፣ የታወቀና ንጹሕ ይሁን፤ ከዚያ ውጭ ያለው ውኃ ሁሉ ይከደን፣ ይታጠር ወይም ይፍሰስ። ዶሮና ውኃ የሚገናኙበትን ስፍራ ባለቤቱ ካልወሰነው ዶሮዋ ራሷ ትወስነዋለች። ቀጥሎ የሚቀርበው ሁሉ የዚህ ቃል ማብራሪያ ነው።

1. ዶሮ ውኃን እንዴት ትጠጣለች?

ዶሮ ውኃ በተጎነጨች ቍጥር ራሷን ወደ ላይ ቀና ታደርጋለች። ወላጆች ይህን ለልጆቻቸው ሲያስረዱ «ፈጣሪዋን እያመሰገነች ነው» ይላሉ። የአካሏን አሠራር ስንመለከት ደግሞ ዶሮ እንደ በግና እንደ ላም ውኃን ስባ መዋጥ አትችልም፤ በመንቈሯ ጥቂት ቀድታ ቀና ስትል ውኃው ወደ ጉሮሮዋ ይወርዳል። ስለዚህ በአንድ ጊዜ የምትጠጣው ጥቂት ሲሆን በቀን ውስጥ የምትመላለሰው ግን ብዙ ጊዜ ነው። የተዘጋጀላት ውኃ ከራቀባት ወይም ከቈሸሸባት በአቅራቢያዋ ያገኘችውን ትጠጣለች፤ የዕቃ ዕጣቢም ቢሆን፣ የከብት ኮቴ የቋጠረው ውኃም ቢሆን አትመርጥም።

አንዲት የደረሰች ዶሮ መጠነኛ በሆነ የአየር ጠባይ በቀን ሩብ ሊትር ያህል ውኃ ትጠጣለች፤ በቆላ ሙቀት ይህ መጠን እስከ እጥፍ ሊደርስ ይችላል። ዶሮ ላብ የላትም፤ ሙቀት ሲበዛባት አፏን ከፍታ በማለክለክ ከሰውነቷ ውስጥ ያለውን ውኃ በትንፋሿ ታስወጣለች። ዕንቁላልም ከአራት እጅ ሦስቱ እጅ ያህል ውኃ ነው። በመሆኑም ውኃ ያጣች ዶሮ በመጀመሪያ ምግብ ትቀንሳለች፤ ቀጥላም ዕንቁላል መጣል ታቆማለች። ለአንድ ሙሉ ቀን ውኃ ያጣች ዶሮ ዕንቁላሏ ወደ ቀድሞው መጠን እስኪመለስ ብዙ ቀናት ሊወስድባት ይችላል።

እዚህ ላይ ለልማት ኮሚቴዎች አንድ ቀላል ስሌት እናቅርብ። 10 ዶሮዎች በቀን ከ2 ሊትር ተኩል እስከ 5 ሊትር ይጠጣሉ። ይህም ማለት አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከ4 እስከ 8 ቀን ብቻ ያደርሳቸዋል፤ መጠጫውን ለማጠብ የሚያስፈልገው ውኃ ገና አልተቈጠረም። ውኃ ለመቅዳት ረጅም መንገድ የምትጓዝ እናት ዶሮ ስትቀበል በጀርባዋ ላይ ሸክም እየተጨመረላት ነው። ስለዚህ ኮሚቴው ዶሮ ከማከፋፈሉ በፊት «ለእነዚህ ዶሮዎች ውኃውን ማን ይቀዳል? ከየት?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። ይህ ጥያቄ ካልተመለሰ ዶሮዋ ወደ ኩሬውና ወደ ዕጣቢው መውረዷ አይቀርም።

2. የመስጠም አደጋ

ዶሮ የውኃ ወፍ አይደለችም። እግሯ እንደ ዳክዬ እግር በቆዳ የተያያዘ አይደለም፤ ላባዋም ውኃን እንደ ዳክዬ ላባ አይመልስም። ውኃ ውስጥ የወደቀች ዶሮ ለጥቂት ጊዜ ብትንሳፈፍም ላባዋ ውኃ እየመጠጠ ሲሄድ ትከብዳለች፤ ትደክማለች፤ በመጨረሻም ትሰጥማለች። በሕይወት ብትወጣ እንኳ በደጋ አካባቢ ብርዱ ሊገድላት ይችላል።

በግቢ ውስጥ ለዚህ አደጋ ምክንያት የሚሆኑት ብዙ ጊዜ የለመድናቸው ዕቃዎችና ስፍራዎች ናቸው። ከአሸንዳ የሚወርደውን የዝናብ ውኃ ለመያዝ ክዳኑ ተነሥቶ የሚተው በርሜል፣ ለልብስ ማጠቢያ ተሞልቶ የሚያድር ሳፋ፣ ግማሹ ውኃ የሆነ የከብት ገንዳ፣ አፉ ያልተከደነ የጉድጓድ ውኃ፣ እንዲሁም ለመስኖ ተቈፍሮ በፕላስቲክ የተለበጠ ኩሬ ዋና ዋናዎቹ ናቸው። የመጨረሻው ይልቁን ያሳስባል፤ የተለበጠው ፕላስቲክ ስለሚያንሸራትት የወደቀ ነገር ሁሉ ተመልሶ መውጫ ያጣል። ይህም ለዶሮ ብቻ ሳይሆን ለሕፃናትም የሞት ወጥመድ ነው። ዶሮዎቹን ለመጠበቅ ተብሎ የሚሠራው አጥር የልጅ ሕይወትም ሊያተርፍ ይችላል።

መፍትሔው ብዙ ወጪ አይጠይቅም። በርሜልና ጋን ክዳን ይኑራቸው፤ በክዳኑም ላይ ነፋስና ዶሮ የማያነሡት ድንጋይ ይጫንበት። ሳፋ ሥራው ሲያበቃ ይደፋ፤ ተገልብጦም ይደር። የከብት ገንዳ ውስጥ ጠርዙን የሚያልፍ ጠፍጣፋ ድንጋይ ቢቀመጥ የወደቀች ዶሮ ወጥታ ትቆምበታለች። የመስኖ ኩሬ በእሾህ ወይም በሽቦ ይታጠር፤ ከጠርዙ እስከ ወለሉ የሚደርስ፣ መወጣጫ ርብራብ የተመታበት ሻካራ እንጨትም በሁለት ማዕዘን ይዘርጋበት። የጉድጓድ አፍ ቢያንስ እስከ ጉልበት የሚደርስ የድንጋይ ግንብና ጥብቅ ክዳን ያሻዋል።

በዚሁ ርእስ ሥር ሊነሣ የሚገባው አንድ የቈየ ልማድ አለ። ማቀፍ የጀመረችን ዶሮ ለማስተውና ዕንቁላል ወደ መጣል እንድትመለስ ለማድረግ በቀዝቃዛ ውኃ የሚነክሯት፣ እግሯን አስረው ቍልቍል የሚሰቅሏትም አሉ። ይህ ዶሮዋን ያስጨንቃታል፤ ይልቁንም ወደ ማታ ከተደረገ ለብርድ ያጋልጣታል። ከዚህ ይልቅ ከጎጆዋ አውጥቶ፣ ጉዝጓዝ በሌለበትና ነፋስ ከሥሩ በሚያገኘው ርብራብ ወይም ቅርጫት ውስጥ ከምግብና ከውኃ ጋር ለ3 ወይም ለ4 ቀናት ማቈየት የተሻለ መንገድ ነው። ደግሞም ዶሮ በውኃ መታጠብ አያስፈልጋትም፤ ሰውነቷን የምታጸዳው በደረቅ አፈር በመንከባለል ነው። ከዝናብ በተጠለለ ስፍራ ደረቅ አፈርና ዐመድ ቢዘጋጅላት ቅማልና ቍንጫን ለመከላከል ይረዳታል።

3. ጫጩትና መጠጫ

ለደረሰች ዶሮ አደገኛ ያልሆነ ውኃ ለጫጩት ገዳይ ሊሆን ይችላል። የአንድ ሳምንት ጫጩት 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ባለው ሳሕን ውስጥ ትሰጥማለች። ባትሰጥም የለበሰችው ጸጕር ከራሰ ሙቀቷን መያዝ አትችልም። ጫጩት በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚደርስ ሙቀት የምትፈልግ በመሆኗ ርሳ ያደረች ጫጩት ጠዋት ሞታ ብትገኝ የሚያስደንቅ አይደለም።

ስለዚህ የጫጩት መጠጫ ጠባብና ጥልቀት የሌለው ይሁን። ሳሕን ብቻ ከተገኘ ንጹሕ ጠጠሮች ይደርደሩበት፤ ጫጩቶቹም በጠጠሮቹ መካከል ያለውን ውኃ በመንቈራቸው ብቻ ያገኙታል። ጠጠሮቹም ከሳሕኑ ጋር በየቀኑ ይታጠቡ። በቤት ውስጥ ሊሠራ የሚችል ሌላም መጠጫ አለ፦ ከአፉ በታች 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ በጎኑ የተበሳ ቆርቆሮ ወይም የፕላስቲክ ዕቃ ውኃ ተሞልቶ በዝቅተኛ ሳሕን ላይ ይገለበጣል፤ ውኃው ቀዳዳውን እስኪሸፍን ድረስ ይወርድና ይቆማል፤ ሲጠጣም እንደገና ይሞላል። ቀዳዳው ከሳሕኑ ጠርዝ ዝቅ ማለት ይኖርበታል፤ አለዚያ ውኃው ሞልቶ ይፈስሳል።

ለደረሱ ዶሮዎች የመጠጫው ጠርዝ ከጀርባቸው ቁመት ጋር እኩል እስኪሆን ድረስ በድንጋይ ወይም በጡብ ላይ ከፍ ይበል። መሬት ላይ የተቀመጠ መጠጫ አፈርና ኩስ ይገባበታል፤ ከፍ ያለው ግን ንጹሕ ሆኖ ይውላል፤ ውኃውም አይደፋም። መጠጫው ጥላ ባለበት ይቀመጥ። በየቀኑ ጠዋት የቈየው ውኃ ተደፍቶ፣ ውስጡ በብሩሽ ወይም በጨርቅ ተፈትጎ አዲስ ውኃ ይሞላበት። በሳምንት አንድ ጊዜም በ1 ሊትር ውኃ ውስጥ አንድ የሾርባ ማንኪያ በረኪና ተበጥብጦ የታጠበው መጠጫ ለ10 ደቂቃ ይዘፍዘፍ፤ ከዚያም በንጹሕ ውኃ ተለቅልቆ በፀሐይ ይድረቅ።

4. ርጥበትና የክረምት በሽታ

በክረምት ከሚሞቱት ጫጩቶች መካከል ብዙዎቹን የሚጎዳው በሽታ ኮክሲዲዮሲስ ይባላል። የበሽታው ምክንያት በዶሮ አንጀት ውስጥ የሚራባ፣ በዓይን የማይታይ ጥገኛ ተሕዋስ ነው። ከታመመች ዶሮ በኩስ የሚወጣው ዘሩ ወዲያውኑ በሽታ አያስይዝም፤ ርጥበት፣ ሙቀትና አየር ካገኘ ግን በ1 ወይም በ2 ቀን ውስጥ በሽታ ለማስያዝ ይደርሳል። በደረቅ ጉዝጓዝ ላይ ይህ ዕድል ይጠብበታል። በመጠጫው ዙሪያ የሚፈሰው ውኃ ግን ለእርሱ የተዘጋጀ ማሳ ነው። ጫጩቶች በርጥቡ ጉዝጓዝ ላይ ሲጭሩ ዘሩን ይለቅሙታል። ከ3 እስከ 8 ሳምንት ያሉት በብዛት ይጠቃሉ፤ ክንፋቸውን ጥለው ይቈዝማሉ፤ ኩሳቸውም ደም ይቀላቅላል። በጊዜ ከተደረሰበት የእንስሳት ጤና ባለሙያ የሚያዝዘው፣ በመጠጥ ውኃ የሚሰጥ እንደ አምፕሮሊየም ያለ መድኃኒት አለ። ዋናው መድኃኒት ግን ድርቀት ነው።

ለዚህም የዶሮው ቤት ወለል ከግቢው መሬት ከፍ ይበል፤ የጣሪያው ክፈፍ ዝናቡን ከግድግዳው ያርቀው፤ በዙሪያውም የጎርፍ መውረጃ ቦይ ይቈፈር። ከጭድ፣ ከገለባ ወይም ከአናጢ ፍቅፋቂ የሚዘጋጀው ጉዝጓዝ አንድ እፍኝ ተይዞ ሲጨመቅ ተጣብቆ ከቀረ ርሷል ማለት ነው፤ ይለወጥ። ጎንበስ ብለው ወደ ዶሮው ቤት ሲገቡ ዓይንን የሚቈጠቍጥ ሽታ ካለም ያው ምልክት ነው፤ ሽታው ከረጠበ ኩስ የሚወጣ አሞኒያ ሲሆን የዶሮዎቹን ዓይንና መተንፈሻ ይጎዳል።

ግቢ ውስጥ የሚቋጠረው ውኃ ሌላም አደጋ አለው። የተባይ ወይም የአረም ማጥፊያ መርጫ የታጠበበት ውኃ፣ ማዳበሪያ የተያዘበት ዕቃ ዕጣቢ ዶሮን በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሊገድል ይችላል። መርጫ ከግቢ ውጭ፣ ከምንጭና ከጉድጓድ ርቆ ይታጠብ፤ ባዶ የኬሚካል ዕቃም ለዶሮም ሆነ ለሰው የውኃ መያዣ ከቶ አይሁን።

5. ፈንግልና የውኃ መንገድ

ፈንግል በቫይረስ የሚመጣ፣ ከያዘም በኋላ ፈዋሽ መድኃኒት የሌለው በሽታ ነው። የታመመች ዶሮ በአፍንጫዋ ፈሳሽና በኩሷ ቫይረሱን ታወጣለች፤ ከሌሎቹ ጋር በአንድ መጠጫ ከጠጣች በአንድ ቀን የመንጋው ሁሉ ጽዋ አንድ ይሆናል። በሽታው በጫማ፣ በቅርጫትና በጎረቤት ዶሮ አማካይነትም ይሻገራል።

እንቍጣጣሽ የሚውለው የክረምቱ ርጥበት ሳያልፍ፣ የዶሮ ገበያም በሚደራበት ሰሞን ነው። ከየአቅጣጫው የመጡ ዶሮዎች በገበያ ይገናኛሉ፤ ያልተሸጠችው ወደ ቤት ትመለሳለች፤ አዲስ የተገዛችውም ከመንጋው ጋር ትቀላቀላለች። በፋሲካና በገና ገበያም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ከገበያ የመጣች ወይም የተመለሰች ዶሮ ቢያንስ ለ2 ሳምንት ለብቻዋ፣ በራሷ መጠጫና መመገቢያ ትቈይ። ቤተሰቡም አስቀድሞ ጤነኞቹን፣ በመጨረሻ ለብቻዋ ያለችውን ይመግብ፤ እጁንም ይታጠብ።

የሞተ ዶሮ አጣጣልም ከውኃ ጋር የተያያዘ ጕዳይ ነው። በክት ስለማይበላ ይጣላል፤ ጥያቄው የት ይጣላል የሚለው ነው። ወደ ወንዝ ወይም ወደ ቦይ የተጣለ ሬሳ በታችኛው ሰፈር ላሉት ዶሮዎች በሽታውን ያደርሳል፤ ውሻና አሞራም ይበትነዋል። ሬሳው ከምንጭና ከጉድጓድ በራቀ ስፍራ ቢያንስ አንድ ክንድ በጠለቀ ጉድጓድ ይቀበር ወይም ይቃጠል። ካህናት ይህን በትምህርታቸው ቢያነሡት ከብዙ ቅስቀሳ የበለጠ ይሰማል፤ ሕዝቡ ስለ በክት የሚያውቀውን ሥርዓት ስለ ጎረቤት ውኃ ከመጠንቀቅ ጋር ያገናኘዋልና።

6. በውኃ የሚሰጥ ክትባት

ፈንግልን መከላከል የሚቻለው በክትባት ነው። በቢሾፍቱ በሚገኘው ሀገራዊ የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ተቋም የሚመረቱ የፈንግል ክትባቶች አሉ። ክትባቱ በዓይን ጠብታ ወይም በመጠጥ ውኃ ሊሰጥ ይችላል። በዓይን ጠብታ የሚሰጠው እያንዳንዷ ዶሮ መጠኗን ማግኘቷን ስለሚያረጋግጥ የተሻለ መከላከያ ይሰጣል፤ በውኃ የሚሰጠው ግን ለብዙ ዶሮዎች ይቀላል። በውኃ ከሆነ የሚከተሉት ይጠበቁ፦

ሀ. ክትባቱ ሕያው ቫይረስ በመሆኑ ክሎሪን ይገድለዋል። ስለዚህ የቧንቧ ውኃ ወይም እንደ ውኃ አጋር ባለ ማከሚያ የታከመ ውኃ ለዚህ አይሁን፤ ንጹሕ የምንጭ ወይም የጉድጓድ ውኃ ይመረጥ። መጠጫውም በዚያን ቀን በበረኪናም በሳሙናም አይታጠብ።

ለ. ባለሙያው ቅባቱ የወጣለት የወተት ዱቄት ለ1 ሊትር ውኃ 2 ግራም ያህል አስቀድሞ ቢጨምርበት ክትባቱ እንዳይበላሽ ይረዳል።

ሐ. ዶሮዎቹ ጠዋት ከመውጣታቸው በፊት ለ1 ወይም ለ2 ሰዓት ውኃ ይከልከሉ፤ ሌላ ውኃ በግቢው ውስጥ እንዳያገኙም ይዘጋባቸው። የተበጠበጠው ክትባት በ2 ሰዓት ውስጥ ተጠጥቶ ማለቅ አለበት።

መ. ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ተይዞ ይምጣ፤ ፀሐይ አይንካው። ሙቀትን በመጠኑ የሚቋቋም የክትባት ዓይነትም ስላለ የትኛው ለአካባቢው እንደሚስማማ ባለሙያው ይጠየቅ።

በዚህ ስፍራ የትምህርታችን ፍሬ ነገር ጎልቶ ይታያል። ዶሮ በየኩሬው የምትጠጣበት ግቢ ውስጥ በመጠጥ ውኃ የሚሰጥ ክትባት ዋጋ የለውም፤ ጥም የሌላት ዶሮ ክትባቱን አትጠጣውምና። አንድ የታወቀ መጠጫ ያለው ግቢ ግን ክትባቱንም መድኃኒቱንም በአግባቡ ለመስጠት ይችላል።

7. የቤተሰቡ ውኃና የሕፃናት ጤና

ጤነኛ የሚመስሉ ዶሮዎች በአንጀታቸው ውስጥ ካምፒሎባክተርና ሳልሞኔላ የሚባሉ ባክቴሪያዎችን ሊይዙ ይችላሉ። ዶሮዋን ላያሳምሟት ይችላሉ፤ በሰው ላይ ግን ተቅማጥና ትኵሳት ያመጣሉ። በምሥራቅ ኢትዮጵያ በሐረማያ ወረዳ ገጠር በተደረገ ጥናት ካምፒሎባክተር በብዙ ሕፃናት ሰገራ ውስጥ ተገኝቷል። በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በገጠር ኢትዮጵያ ዶሮ ማርባት ከሕፃናት የቁመት ዕድገት ጋር በመልካም እንደሚያያዝ፣ ዶሮዎቹ ሌሊቱን ከሰው ጋር በአንድ ቤት ሲያድሩ ግን ግንኙነቱ ወደ ጉዳት እንደሚያዘነብል አሳይቷል። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ዶሮ ለልጅ ጥቅም እንድትሰጥ ኩሷ ከልጁ መሬትና ከልጁ ውኃ መራቅ አለበት።

እንስራና ጀሪካን ተከድነው ከፍ ባለ መደብ ላይ ይቀመጡ። መቅጃው ጆግ መሬት ላይ አይጣል፤ ዶሮ ዐርፋበት የነበረ ዕቃ ሳይታጠብ ወደ እንስራ አይግባ። የዶሮ መጠጫ የሚታጠበው ከቤተሰቡ ዕቃ ተለይቶ ነው። ዶሮዎቹን ያጠጣ ልጅ እጁን በሳሙና ይታጠብ። የዶሮ ቤት ከጉድጓድ ውኃ በታች ባለው ተዳፋት፣ ቦታ ከፈቀደ 30 ሜትር ያህል ርቆ ይሠራ። ቦታ ቢጠብ እንኳ ከጉድጓዱ በላይ በኩል አይሁን፤ ዝናብ ኩሱን አጥቦ ወደ ጉድጓዱ ያወርደዋልና። የሰው የመጠጥ ውኃ የሚጠረጠር ከሆነ ይፈላ ወይም በሚገባው መጠን ይታከም።

ይህ ምክር በቤተ ክርስቲያን ቅጥርና አካባቢ ለሚገኙ ምንጮችም ይሠራል። ጠበል የሚጠጡ ሕሙማን፣ ሕፃናትና በቅጥሩ ዙሪያ የሚኖሩ የአብነት ተማሪዎች ከምንጩ ይቀዳሉ። የምንጩ ዐይን በድንጋይ ቢገነባ፣ ቢታጠርና ከላይ በኩል የሚወርደውን ጎርፍ የሚያርቅ ቦይ ቢቈፈርለት የአካባቢው ዶሮዎችና ከብቶች አይደርሱበትም። ለዶሮዎቹም ከምንጩ በታች የተለየ መጠጫ ቢዘጋጅላቸው ሁለቱም ወገን ይጠበቃል።

8. ጎርፍ በሚያሰጋበት አካባቢ

በጣና ሐይቅ ምሥራቃዊና ሰሜናዊ ዳርቻ የሚገኙት የፎገራና የደምቢያ ሜዳዎች ክረምት ሲከብድ ርብንና ጉማራን የመሳሰሉ ወንዞች ከአፋፋቸው ወጥተው የሚያጥለቀልቋቸው ናቸው። የ1998 ዓ.ም. ክረምት ጎርፍ በዚያ አካባቢ ብዙ ቤተሰብ አፈናቅሏል። ጎርፍ ሲመጣ ሰው ከብቱን ወደ ኮረብታ ይነዳል፤ ዶሮ ግን ማታ ቤቷ ውስጥ ስለምትዘጋ ብዙ ጊዜ እዚያው ትቀራለች።

እንዲህ ባለ አካባቢ የዶሮ ቤት በአራት ጠንካራ ቋሚዎች ላይ፣ ባለፉት ዓመታት ጎርፉ ከደረሰበት ምልክት በላይ ይሠራ። ወለሉ ኩስን የሚያሳልፍ ርብራብ፣ መውጫውም ሊነሣ የሚችል መሰላል ይሁን። ሁለት ክዳን ያላቸው ቅርጫቶች ከክረምት በፊት ይዘጋጁ፤ ዶሮዎችን በፍጥነት ለማሸሽ ይጠቅማሉ። ጎርፉ ሲሸሽ የቀረው ውኃ የሰገራ ጉድጓድንና የእንስሳት ሬሳን ያጠበ በመሆኑ ዶሮዎቹ እስኪደርቅ ድረስ አይለቀቁበት። በሐይቅና በረግረግ ዳርቻ የዱር ዳክዬና ዝይ በሚያርፍበት ውኃ የቤት ዶሮ እንዳትጠጣ መከላከልም ያስፈልጋል፤ እነዚህ አእዋፍ የወፍ ጉንፋንን ጨምሮ አንዳንድ በሽታዎችን ሳይታመሙ ሊሸከሙ ይችላሉ።

9. የሰበካው ድርሻ

አንድ ቤተሰብ ግቢውን ቢያስተካክል ጎረቤቱ ካላስተካከለ ድካሙ ግማሽ ይሆናል፤ ዶሮና ጎርፍ ድንበር አያውቁምና። ሥራው የሰበካው ሥራ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። ለአንድ ሩብ ዓመት የሚበቃ፣ ከአቅም የማያልፍ ዕቅድ ቀጥሎ ቀርቧል።

በመጀመሪያው ወር ኮሚቴው ዶሮ ያላቸውን ግቢዎች በቡድን ተከፋፍሎ ይጎብኝ። በእያንዳንዱ ግቢ ሦስት ነገር ብቻ ይመዝገብ፦ ክዳን የሌለው ውኃ ስንት ነው? ዶሮዎቹ የሚጠጡት ከየት ነው? ዶሮዎቹ የሚያድሩት የት ነው? በጉብኝቱ ማንንም ማሳፈር አይገባም፤ የድሃ ቤት በርሜል ክዳን ያጣው ብዙ ጊዜ ከቸልተኝነት ሳይሆን ከማጣት ነው።

በሁለተኛው ወር ወጣቶች ከሰንበት ትምህርት ቤት ተውጣጥተው አቅመ ደካሞችን ይርዱ። ክዳን መሥራት፣ ቦይ መቈፈር፣ የዶሮ ቤት ወለል ማንሣትና ኩሬ ማጠር በጥቂት ቅዳሜዎች ሊጠናቀቅ ይችላል። በዚሁ ወር ከቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጋር የክትባት ቀን ይወሰን። ቀኑ ከበዓል ገበያ ቢያንስ ከ3 ሳምንት በፊት ቢሆን ክትባቱ መከላከያ ለመስጠት ጊዜ ያገኛል። ካህናትም ቀኑን ከቅዳሴ በኋላ ያስታውቁ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ስለ እጅ መታጠብ እንድታስተምር ትጋበዝ።

በሦስተኛው ወር የመጀመሪያው ጉብኝት ይደገም፤ የሞቱትና የተረፉት ዶሮዎችም ይቈጠሩ። አዲስ ዶሮ ለማከፋፈል የሚያስብ አጥቢያ ይህን ቈጠራ ከጨረሰ በኋላ ይወስን። 5 ዶሮ ሰጥቶ 4ቱን ማትረፍ 10 ሰጥቶ 3ቱን ከማትረፍ ይበልጣልና። ለአንዲት መበለት የሞቱባት ዶሮዎች የገንዘብ ኪሳራ ብቻ አይደሉም፤ ሁለተኛ ለመጀመር የሚያስፈልጋትን ድፍረትም ይዘውባት ይሄዳሉ። ተዘዋዋሪ ብድር ከሆነ ደግሞ ዕዳው ይቀርባታል። ስለዚህ ከዶሮው ጋር መጠጫና ክዳን አብሮ መስጠት የስጦታው አንድ ክፍል ተደርጎ ይቈጠር።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በአጥቢያችን ባለፈው ክረምት ስንት ዶሮ ሞተ? የሞታቸው ምክንያት ምን እንደሆነ ተነገረ? ውኃ በምክንያቱ ውስጥ ምን ድርሻ ነበረው?

2. ለዶሮዎች የሚቀዳው ውኃ በእናቶችና በልጃገረዶች ላይ የሚጨምረው ሸክም ምን ያህል ነው? የጣሪያ ውኃ በማጠራቀም ሊቀልል ይችላልን?

3. በቤተ ክርስቲያናችን አቅራቢያ ያለው ምንጭ ከእንስሳት የተጠበቀ ነውን? ካልሆነ ለማጠር ምን ያስፈልጋል? ማንስ ይሠራዋል?

4. የሞተ ዶሮ በአካባቢያችን የት ይጣላል? በታች በኩል ውኃ የሚቀዱት እነማን ናቸው?

5. የሚመጣው የበዓል ገበያ መቼ ነው? ከዚያ በፊት ክትባቱ እንዲደርስ ዛሬ ከማን ጋር መነጋገር ይገባናል?

ኮሚቴው ጥያቄዎቹን ከተወያየባቸው በኋላ ለእያንዳንዱ ኀላፊና ቀን ይወስን፤ ውሳኔውንም በቃለ ጉባኤ ይያዝ። ከሁሉ አስቀድሞ ግን እያንዳንዱ የኮሚቴ አባል ዛሬ ወደ ቤቱ ሲመለስ በግቢው ያለውን በርሜል ይመልከት፤ ሳይከደን ካገኘውም ይክደነው።